በጋምቤላ የመኖሪያ ቤት ጥበትና የመረዳዳት ልማድ፤ ታሪካዊ ሐተታ

ሀ. መነሻ

«ቤት» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ከእንጨት፥ ከጭቃ ወይም ከድንጋይ የቆመው ሕንጻ ነው፤ ሁለተኛው በሕንጻው ውስጥ የሚኖረው ወገንና ዘመድ ነው። «የእገሌ ቤት ፈረሰ» ሲባል ጣሪያው መውደቁን ወይም ትዳሩ መበተኑን ለማወቅ ሰሚው ነገሩን እስከ መጨረሻው ማድመጥ አለበት። የመኖሪያ ቤት ጥበት ሲጠና ግን ብዙውን ጊዜ የሚቈጠረው የፊተኛው ብቻ ነው፤ ይኸውም የግድግዳና የጣሪያ ቍጥር ነው። የኋለኛው፥ ማለት ግድግዳውን የሚያቆመውና ጣሪያውን የሚያድሰው ወገን፥ ከሒሳቡ ውጭ ይቀራል።

የጋምቤላ ታሪክ ይህን የአቈጣጠር ጕድለት ጐልቶ እንዲታይ ያደርጋል። በዚያ አገር አንድ ቤት እንዲቆም ሦስት ነገር ያስፈልግ ነበር፤ ሥፍራ፥ ዕቃና ጕልበት። ሥፍራው የመንደሩ ነበር፤ ዕቃው፥ ማለት እንጨቱ፥ ሰንበሌጡና ጭቃው፥ ከሜዳውና ከወንዙ ዳር ይገኝ ነበር፤ ጕልበቱም የጎረቤት ነበር። ከ1894 ዓ.ም. ጀምሮ ባለፈው ዘመን ሦስቱም በየተራ ዋጋ ወጣላቸው። ቀጥሎ ያለው ሐተታ ይህ እንዴት እንደ ሆነና ከቀድሞው የመረዳዳት ልማድ የተረፈው ምን እንደ ሆነ ይመረምራል።

ለ. የአገሩ ጠባይና የቀድሞው አሠራር

የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ባለ ቈላ ላይ፥ በባሮ ወንዝ ዳር ይገኛል። ከደጋው የሚወርዱት ባሮ፥ አልዌሮና ጊሎ፥ ከደቡብም አኮቦ፥ በዝናም ጊዜ ከአፋቸው እየወጡ ሜዳውን ያለብሱታል። በዚህ አገር ቤት የሚሠራ ሰው ሁለት ጠላት አለው፤ ውኃና ምስጥ። ውኃው የሚሠራበትን ሥፍራ ይወስንበታል፤ ምስጡ ደግሞ የሠራው የሚቆይበትን ዘመን ያሳጥርበታል።

በወንዞቹ ዳር የሚኖሩት አኙዋኮች ማሽላና በቆሎ የሚያርሱ፥ ዓሣም የሚያጠምዱ ሕዝብ ናቸው። እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1940 ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጡት፥ የአኙዋክ መንደር ግቢ ከግቢ ጋር የተጠጋጋ፥ ከሩቅ ሲታይ እንደ አንድ ቅጥር የሚመስል ነው። መንደሩን የሚመራው አለቃ፥ በቋንቋቸው ኳሮ፥ ግቢውን የሚሠራለትና እርሻውን የሚያርስለት የመንደሩ ሰው ነው። እርሱ ደግሞ ሕዝቡን ማብላትና ማጠጣት ግዴታው ነው። አለቃው እጁ ሲያጥር የመንደሩ ሰዎች ተነሥተው በሌላ እንደሚተኩት ኢቫንስ ፕሪቻርድም፥ ከእርሳቸው በኋላ ጎድፍሬ ሊንሃርትም ጽፈዋል። ስለዚህ ለአለቃ ቤት መሥራት ግብር ቢመስልም፥ መላሽ ያለው ግብር ነበር፤ ግብዣው ሲቀር ሥራውም ይቀራል።

ከብት አርቢዎቹ ኑዌሮች ደግሞ አሠራራቸው ሌላ ነው። የክረምት መንደራቸው ጎርፍ በማይደርስበት ጕብታ ላይ ተበታትኖ ይሠራል፤ በበጋ ግን ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳሉና የሚጠለሉት ከሣር በተሠራ የነፋስ መከለያ ነው። የቤተ ሰቡ እምብርት ሉዋክ የሚባለው ትልቅ የከብት ቤት ነው፤ በውስጡ ኩበት እየጤሰ፥ ወንዶቹ ከከብቶቹ ጋር ያድራሉ፤ ሚስቶች ደግሞ በዙሪያው የየራሳቸው ጎጆ አላቸው። ሉዋክ ለማቆም የአንድ ቤተ ሰብ ጕልበት አይበቃም፤ ስለዚህ ዘመድና ጎረቤት ይጠራል፤ ጠሪውም ምግብና ጠላ ያቀርባል። በምሥራቅ በኩል በጫካው ውስጥ የሚኖሩት መዠንገሮች ማር ቈራጮችና እርሻቸውን ከቦታ ቦታ የሚያዛውሩ ናቸው። ቤታቸውም ቀላል ነው፤ ጥቂት ዓመት ኖረውበት ትተውት ይሄዳሉ። አሜሪካዊው ጃክ ስታውደር በ1971 በፈረንጅ አቈጣጠር ያሳተሙት ጥናት እንደሚያስረዳው፥ በመዠንገሮች ዘንድ ጎረቤትን ለሥራ የሚሰበስበው የጠላው ግብዣ ነው።

ደገኛው አንባቢ ይህን ልማድ በደቦና በወንፈል ያውቀዋል። ደቦ ጠሪው አብልቶ አጠጥቶ የሚያሠራበት ነው፤ ወንፈል ግን ጕልበት በጕልበት የሚመለስበት የተቈጠረ ብድር ነው። በጋምቤላ ሁለቱን የሚያስተሳስር አንድ ምክንያት አለ። የሰንበሌጥ ክዳን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ምሰሶውንም ምስጥ ይበላዋል። በመሆኑም ቤት መሥራት በዕድሜ አንድ ጊዜ የሚፈጸም ነገር አይደለም፤ በየጊዜው የሚመላለስ ሥራ ነው። ዛሬ የረዳ ነገ ይረዳል፤ የጕልበት ዕዳው ተከፍሎ የሚያልቅበት ቀን የለም። የቤቱ አለመጽናት ራሱ ጉርብትናውን ያጸናው ነበር ማለት ይቻላል።

ሥራው የራሱ ወቅትም ነበረው። ሰንበሌጥ የሚታጨደው ዝናሙ ካበቃ በኋላ ሣሩ ደርቆ ሳለ፥ ሜዳው በእሳት ከመቃጠሉ በፊት ነው። በዚያ ጊዜ ያላጨደ ሰው ክረምቱን በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ያሳልፋል። መቼ እንደሚታጨድና መቼ እንደሚቃጠል አስቀድሞ መስማማት ስለሚያስፈልግ፥ የጣሪያው ነገር የአንድ ቤት ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

ሐ. በኪራይ የተያዘው ሥፍራ

በጋምቤላ መጀመሪያ የተከራየው ቤት ሳይሆን መሬት ነው፤ ተከራዩም ግለሰብ ሳይሆን መንግሥት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የተፈራረሙት ውል በ4ኛው አንቀጽ፥ በባሮ ዳር በኢታንግ አጠገብ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀደ። ሥፍራው በወንዙ ዳር ከ2000 ሜትር እንዳይረዝም፥ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፥ ለፖለቲካና ለጦር ሥራም እንዳይውል ተወሰነ። ቆይቶ ለመርከብ የተሻለ ሆኖ የተገኘው የጋምቤላ ሥፍራ ስለ ሆነ ጣቢያው በዚያ ተቋቋመ።

በዝናም ወራት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን ይመጣሉ፤ ከጎሬና ከቡሬ የወረደውን ቡና ጭነው ይመለሳሉ። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች መደብርና መጋዘን አቋቋሙ። ከዚህ የተነሣ ቀድሞ መንደር በልማድ ብቻ በሚሠራበት በባሮ ዳር፥ በመስመር የተከለለና የሚሠራበትን ሰው ባለ ሥልጣን የሚፈቅድበት ሥፍራ ተፈጠረ። ከተማ የሚባለው ነገር ለጋምቤላ ሰው መጀመሪያ የተገለጠለት በዚህ መልክ ነው፤ ይኸውም ንግዱ ሲቆም ሥራውም የሚቆምበት፥ ሌላ ሰው የለካው መሬት ሆኖ ነው።

በጠላት ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማው በኢጣልያ እጅ ነበር፤ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከቤልጂግ ኮንጎ የመጣ ጦር አስለቀቀው። ሱዳን ነጻነቷን ስታገኝ የውሉ ዘመን አበቃና በ1949 ዓ.ም. ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ተመለሰ። ነገር ግን የምዕራቡ ቡና ከዚያ ወዲህ ወደ አዲስ አበባ በሚያወጣው መንገድ መጓዝን መረጠ፤ የወንዙም ንግድ እየቀዘቀዘ ሄደ። በጋምቤላ የቀረው ያለ ወደብ ሥራ የወደብ ከተማ ነበር።

መ. አዋጁና የዘመቻው ጎጆ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፥ ቍጥር 47፥ የከተማን መሬት ሁሉ የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ እስከ 500 ካሬ ሜትር የሚደርስ የመኖሪያ ቦታ በነጻ እንዲሰጥም ደነገገ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሚደርሱት ትርፍ ቤቶች በቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ሆኑ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ለድኃው ተከራይ ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር። ሁለት ውጤት ግን አስከተለ። ኪራዩ ለብዙ ዓመታት እንደ ተቀነሰ ስለ ቆየ፥ ከኪራይ በሚገኘው ገንዘብ ቤቱን ማደስ አልተቻለም፤ ትርፍ ቤት መያዝ ስለ ተከለከለም፥ የሚከራይ ቤት የሚሠራ ሰው ጠፋ። በአገሪቱ ከተሞች ሁሉ የታየው ይህ ነገር፥ በቂ ቤት ሳይሠራ ላደገው እንደ ጋምቤላ ላለ የዳር አገር ከተማ ይበልጥ ከባድ ሆነ።

አሥር ዓመት ሳይሞላ ሌላ ነገር መጣ። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ምክንያት ከሰሜንና ከደቡብ ወደ 60,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ጋምቤላ ተወስዶ ሰፈረ። ጎጆዎቹን ለመሥራት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀር ተማሪዎችና መምህራን ዘመቱ። በመስመር የተደረደሩ ጎጆዎች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ቆሙ። ከቍጥር አንጻር ሥራው የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ሠሪው አንድ ጊዜ ሠርቶ የሚሄድ ነበርና፥ የወንፈሉ ብድር የሚመለስለት ሰው አልነበረም። ለጎጆው የሚሆነው እንጨትና ሣርም የተቈረጠው አኙዋኮች የእኛ ነው ከሚሉት መሬት ነበር፤ እነርሱ ደግሞ አልተጠየቁም። ስለዚህ ዕቃው ከጋራ ሀብትነት ወጥቶ የክርክር ምክንያት ሆነ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲለወጥ ብዙዎቹ ሰፋሪዎች ጎጆውን ጥለው ወደየአገራቸው ተመለሱ።

ሠ. የስደተኞች ሰፈሮች

ከሱዳኑ የርስ በርስ ጦርነት የተነሣ በኢታንግ የተመሠረተው የስደተኞች ሰፈር በሰማንያዎቹ መባቻ በዓለም ካሉት ታላላቅ ሰፈሮች አንዱ እስከ መሆን ደርሶ ነበር፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ግን ባዶ ሆነ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት እንደ ገና ሲነሣ ስደቱ ተመለሰ። ኩሌ፥ ቲርኪዲ፥ ሌችዎር፥ ጄዊና በ2009 ዓ.ም. የተከፈተው ንጉኝዬል በየተራ ተቋቋሙ፤ ከ300,000 የሚበልጥ ሰውም ተጠለለባቸው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የክልሉ ነዋሪ ጠቅላላ ቍጥር 307,000 ያህል እንደ ነበር ያስታወሰ ሰው፥ የእንግዳው ቍጥር ከባለ አገሩ ጋር መስተካከሉን ይረዳል።

የሌችዎር ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምር ነው። ሰፈሩ የተቀየሰው በቆላማው ሜዳ ላይ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ክረምት ወንዙ ሜዳውን ሲያለብስ ድንኳኑም ጎጆውም በውኃ ተያዘ፤ ስደተኞቹም በኋላ ወደ ጄዊ ተዛወሩ። ኑዌሮች የክረምት መንደራቸውን በጕብታ ላይ ብቻ የሚሠሩበት ምክንያት ከ70 ዓመት በፊት በመጽሐፍ ታትሞ ነበር፤ ከመታተሙም በፊት እያንዳንዱ እረኛ ያውቀው ነበር። ሥፍራ የመምረጥ ዕውቀት ከቤት ሥራ አንዱ ክፍል መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

የረድኤት ድርጅቶች ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ሥፍራ እንዲደርሰው የሚል መለኪያ አላቸው፤ ለአምስት ሰው ቤተ ሰብ 17.5 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ከድንኳኑ ቀጥሎ የሚሠራው መጠለያ በእንጨትና በቀርከሃ ቆሞ፥ በጭቃ የሚመረግ ነው፤ ምርጉን ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ስደተኞቹ ራሳቸው ናቸው። በዚህ ላይ የቀድሞው ልማድ ወዲያው ብቅ ይላል። ውኃ የሚቀዳ፥ ጭቃ የሚረግጥና ግድግዳ የሚመርግ ጎረቤት ከሌለ፥ ባልቴቲቱና ወላጅ የሌለው ልጅ ቀርከሃው ተሰጥቷቸው ግድግዳ ሳያገኙ ይቀራሉ።

ከዚህ ጋር የዕቃው ነገር አለ። ይህን ያህል ጎጆ ለማቆምና በየቀኑም ለማገዶ የሚበቃ እንጨት ከአንድ አገር ሲቈረጥ፥ ጫካው ከመንደሩ እየራቀ ይሄዳል። ሰንበሌጥ የሚያጭደው ሰውም ያጨደውን ለጣሪያው ሳይሆን ለገበያ ያመጣዋል። በዚህ መንገድ ሁለተኛው የጋራ ሀብት ዋጋ ወጣለት።

ረ. ከተማው ሲያድግ

በ1987 ዓ.ም. ቈጠራ የጋምቤላ ከተማ ነዋሪ 18,000 ያህል ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ 39,000 ያህል ሆነ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ከተማው የክልል መቀመጫ በመሆኑ የመንግሥት ሠራተኛው በዛ፤ ነጋዴው ከደጋ ወረደ፤ ከየወረዳው ተማሪ መጣ። እንደ ኒውላንድ ባሉ ሰፈሮች ውስጥም ከወሰን ማዶ የመጣው ዘመድ በዘመዱ ግቢ ተጠለለ። ደመወዙ የታወቀ መምህርና ነርስ ከአንድ ክፍል ኪራይ ጋር ሲታገል፥ ደመወዝ የሌለው ደግሞ በዘመድ ጫንቃ ላይ ይኖራል።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በከተማው በአኙዋኮች ላይ የተፈጸመው ግድያ የብዙ ሰው ሕይወት አጠፋ፤ በመቶ የሚቈጠሩ ቤቶችም ተቃጠሉ። ይህ ነገር በቤት ታሪክ ውስጥ ሊታለፍ የማይገባው ስለ ተቃጠሉት ጎጆዎች ብቻ አይደለም። ወንፈል ያለ እምነት አይቆምም። ሰው ቤቱን የሚያቆምለትን ጎረቤት ከፈራ፥ ከወገኑ ሰፈር ወጥቶ አይሠራም፤ ከተማውም በሰፈር በሰፈር ይከፈላል። እንደዚህ ያለው ጥበት በካሬ ሜትር የሚለካ አይደለም።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉ 45,000 አባወራዎችን በሦስት ዓመት ውስጥ በተሰበሰቡ መንደሮች ለማስፈር ዐቅድ አወጣ። መንግሥት ዓላማው ትምህርት ቤት፥ ጤና ጣቢያና ንጹሕ ውኃ ለማዳረስ መሆኑን፥ ሰፈራውም በፈቃድ መሆኑን ገለጠ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ግን በ2004 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ብዙዎች ያለ ፈቃዳቸው መዛወራቸውን፥ ጎጆውንም ራሳቸው እንዲሠሩ መገደዳቸውን ጻፈ። ክርክሩ በፈቃድና በግዳጅ ላይ ነበር፤ ለቤት ታሪክ ግን ሌላም ነጥብ አለው። ከወንዝ ዳር የተነሣ ገበሬ የሚተወው ግድግዳውን ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ የሚታደሰውን የጕልበት ብድር ጭምር ነው።

በዚያው በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ የሊዝ አዋጅ፥ ቍጥር 721፥ አዲስ የከተማ ቦታ ሁሉ በሊዝ እንዲያዝ ደነገገ። በ1967 ዓ.ም. በነጻ ሊገኝ የተባለው ቦታ በዚህ ጊዜ በጨረታ ወይም በምደባ፥ ዋጋ ወጥቶለት የሚያዝ ሆነ። ሥፍራው፥ ዕቃውና ጕልበቱ ሁሉ ገበያ ገቡ፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ስለሚደርሱ፥ የጭነቱ ዋጋ በቤቱ ዋጋ ላይ ይደረባል።

ሰ. የመረዳዳቱ አዲስ መልክ

ይህ ሁሉ ሲሆን የመረዳዳት ልማድ ፈጽሞ አልጠፋም፤ መልኩን ለወጠ እንጂ። ከደጋ የመጣው ነዋሪ ዕድርና ዕቍብ ይዞ መጣ። ዕድር ለቀብር የቆመ ቢሆንም፥ ቤቱ የተቃጠለበትን ወይም ጎርፍ ያፈረሰበትን አባል ለመደገፍ የሚያንስ መዋቅር አይደለም፤ የአባላት መዝገብ፥ ወርኃዊ መዋጮ፥ ድንኳንና ዕቃ አለው። ዕቍብም ባንክ ለማያበድረው ሰው የቆርቆሮ መግዣ ይሆናል። የመኖሪያ ቤት የኅብረት ሥራ ማኅበራትም የጥቂቶችን ቍጠባ ሰብስበው በአንድነት ቦታ እንዲጠይቁ መንገድ ከፍተዋል፤ ሆኖም አስቀድሞ መቈጠብ የሚችለውን ደመወዝተኛ ይረዳሉ እንጂ የቀን ሠራተኛውን አይደርሱትም። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ስም በየክልሉ ወጣቶች የአረጋውያንንና የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ። ይህም ደቦ የሚለውን አሳብ በመንግሥት ጥሪ መልሶ ያመጣ ነው፤ ጕድለቱ ወቅታዊ መሆኑና የሚታደሰውን ቤት የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ጎረቤቱ ሳይሆን ጽሕፈት ቤቱ መሆኑ ነው።

ከሌላው ዓለም የሚመጣው ትምህርት ከዚህ አይለይም። እንግሊዛዊው የሕንጻ ሊቅ ጆን ተርነር በፔሩ የድኆች ሰፈሮች ከሠሩ በኋላ የደረሱበት አሳብ፥ ቤት ምን እንደ ሆነ ሳይሆን ለነዋሪው ምን እንደሚያደርግለት መመርመር አለበት የሚል ነው። በአዲስ አበባ ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በቍጥር ብዙ ናቸው፤ ግን ዕጣ የወጣላቸው አንዳንድ ድኆች ቅድሚያ ክፍያውንና የባንኩን ዕዳ መቻል አቅቷቸው ቤቱን አከራይተው ወደ ጭቃ ቤት ተመልሰዋል። ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ የጎረቤትን ጕልበት የሚቀበልበት በር የለውም፤ የሚቀበለው ገንዘብ ብቻ ነው።

መ ደምዳሚ አሳብ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ የቀድሞው ጎጆ ይመለስ የሚል አይደለም። ሰንበሌጡ ርቋል፤ ሕዝቡ በዝቷል፤ ልጁን ከእሳትና ከጎርፍ ማዳን የሚፈልግ አባት የቆርቆሮ ጣሪያ ቢመኝ የሚነቅፈው የለም። ፍርዱ ይህ ነው፤ በጋምቤላ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ቤት ለሕዝቡ ከላይ በታዘዘለት ጊዜ ሁሉ፥ በ1977 ዓ.ም. ይሁን በ2003 ዓ.ም.፥ በዘመቻ ይሁን በረድኤት፥ ግድግዳው ቶሎ ቆሟል፤ ጉርብትናው ግን አብሮ አልቆመም፤ ግድግዳውም ብቻውን ብዙ አልቆየም።

ስለዚህ ቤት ለመሥራት የሚነሣ ባለ ሥልጣንም ሆነ ማኅበር ሦስት ጥያቄ አስቀድሞ ቢያነሣ ይጠቅመዋል። ሥፍራው ውኃ የማይደርስበት መሆኑን የነገረው ማን ነው? ዕቃው የሚቈረጠው ከማን መሬት፥ በማን ፈቃድ ነው? ጣሪያው ከአምስት ዓመት በኋላ ሲያፈስስ የሚያድሰው ማን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። በኢታንግም፥ በጄዊም፥ በኒውላንድም የቆመ ጎጆ ሁሉ አንድ ቀን ያፈስሳል፤ በዚያ ቀን የሚመጣ ጎረቤት ያለው ሰው ቤት አለው፤ የሌለው ግን ጣሪያ ብቻ ነበረው።